የቱርኪያ መኪና ቅንድቦች

ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑዘይር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የጋራዡ ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ወረቀትዎን ሾፌሩ ጣሀ በሚኒባሱ አምጥቶ ሰጥቶኛል። መልሱ የዘገየው ችላ ብዬ አይደለም። እኔ የምጽፈው ድሮ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት እጅ ነው። አንዱን መስመር ጽፌ ሁለተኛውን እስካስብ ሽንኩርት ልጬ እመለሳለሁ። ልጄ አፍናን «እማ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍልሽ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። እርስዎ ጆሮዎን ለመዶሻ ሰጥተው ስልክ የማይሰሙ ሆነው ሳለ በራስዎ እጅ ጽፈው ሲጠይቁኝ፣ እኔ በሰው እጅ ብመልስ ነውር ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ልጄ ፉርቃን የተቀበረ ቀን ጋራዡን ዘግተው ከኮምቦልቻ መጥተዋል። በገዛ እጅዎ አፈር አልብሰውታል። ከለቅሶውም ቤት እስከ መጨረሻው አልተለዩም። ያኔ ሳላመሰግንዎ ቀርቻለሁ። አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የቱርኪያ መኪና ምን ደረሰች ብዬ በጣሀ ስልክብዎ፣ ለምን እንደምጨነቅባት ጠይቀውኛል። የሰው መኪና እንዲህ የሚያብሰለስለኝ ለምን እንደሆነ ማወቅዎ ተገቢ ነው። ጀናዛው ከቤት ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ቆመው የተናገሩትን እርስዎ አልሰሙት ይሆናል። «በዚህ ልጅ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር፤ ካልሆነም አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው» አሉ። ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው ቱርኪያ ናት፣ የፒያሳዋ ጨርቅ ነጋዴ። «አውፍ ብዬዋለሁ! አውፍ!» አለች እያለቀሰች። ሰውም ተከትሏት አውፍ አለ። እኔም ያን ቀን እፎይ ብዬ ነበር።

ሲሰነባብት ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ቱርኪያ አውፍ ያለችው ምኑን ነው? ላንድክሩዘሯ እርስዎ ጋ ቆማለች። ሥራውን ደግሞ የተቀበላት ጋራዡ አይደለም፤ ፉርቃን ራሱ ነው፣ እጅ ለእጅ ተመታትተው። ሰፋፊ ጎማ አስገብታ ጎማው ከቦዲው ወጣ ስላለ፣ ጭቃና ጠጠር እንዳይረጭ ከጎማው በላይ ጎበጥ ያለ ላሜራ ሊበይድላት ነበር። እሱ ቅንድብ ነበር የሚለው። ማታ ሲገባ «እማ፣ ዛሬ የቱርኪያን መኪና ቅንድብ ስቀነድብ ዋልኩ» እያለ ያስቀኝ ነበር። የፊተኞቹን ሁለቱን በይዶ፣ የኋላዎቹን ሳይጀምር፣ ወደ ቤቱ ሲመጣ ሐረጎ ዳገት መዞሪያው ላይ በመኪና አደጋ ቀረ።

ቱርኪያ አውፍ ያለችው ለእኔ እንባ ነው። ሥራውንማ መጥታ አላየችውም። እኔ የምፈልገው ልጄ በሰው እዝነት እንዲያልፍ አይደለም፤ የሰው ሐቅ ሳይኖርበት ቀና ብሎ እንዲተኛ ነው። ረመዳን ሳይገባ የኋላዎቹ ይበየዱና ቱርኪያ በዓይኗ አይታ፣ በልቧም «ሐቄን አግኝቻለሁ» ትበል። ልመናዬ ይኸው ነው።

ሲሠሩትም እሱ በሠራበት ዓይነት ብየዳ ይሁንልኝ። አደራ።

እኔ ወርጄ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ያንን መንገድ ግን ገና አልቻልኩትም።

እህትዎ ቡዜ

*

ኮምቦልቻ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቡዜ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አብሽሩ። እኔ ጽሕፈት ብዙ አይሆንልኝም፣ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ።

ሥራውን እሠራዋለሁ። ልመና አያስፈልገውም። እኔ የሰው ከንፈር እያየሁ ነው የምግባባው። የፉርቃንን ያህል የሚገባኝ ከንፈር አልነበረም። ሲቀልድ እንኳ ቀድሜ እስቅ ነበር።

«እሱ በሠራበት ዓይነት» ያሉትን ግን ላስረዳዎት። ብየዳ ብዙ ዓይነት ነው። የፊተኞቹን በጋዝ ነው የበየደው፣ በነበልባል። ሌላ ደግሞ ሲኦቱ የምንለው አለ። ቀጭን ሽቦ ከመሣሪያው እየወጣ በኤሌክትሪክ ይበይዳል፤ ዛሬ ቦዲ የሚሠራ ሁሉ እሱን ነው የያዘ። የብረት በር ሠሪዎች ዱላ በሚመስል ኤሌክትሮድ የሚበይዱበትም አለ። ጨርሶ ሳይበይድ በብሎን የሚያስርም አለ። እሱ ውሃ ያስገባል፣ መንገድ ላይም ይንኳኳል። ፉርቃን አይወደውም ነበር።

ለኋላዎቹ እኔ ሲኦቱን ነው የማስብ። ግን አልወስንም። ሥራው የልጅዎ ነበር፣ አሁን የእርስዎ ነው። የመረጡትን ይጻፉልኝ፣ በመረጡት እበይዳለሁ።

የፊተኞቹ ደህና ናቸው።

ቱታውንና የዓይን መነጽሩን በጣሀ ልኬያለሁ።

ዑዘይር

*

ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑዘይር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረሙ?

ቱታው ደርሶኛል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ እንኳ ተተክሎ ነው ያገኘሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ባይታጠብ ይሻለኝ ነበር። ግን ባለቤትዎ ያጠበችው እኔ ጥላሸቱን አይቼ እንዳልከፋ ብላ እንደሆነ ይገባኛል። በጣም ያመስግኑልኝ። ያ ግራሶ በእጅ ታሽቶ መልቀቁ ቀላል ድካም አይደለም።

ይምረጡ ብለውኛል። እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ? ዝም ብዬ ከመምረጥ ብዬ ጎረቤታችን ወልደ ሚካኤል ጋ ሄድኩ፣ የብረት በር የሚሠራው።

«እትዬ ቡዜ ደግሞ መኪና ገዙ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተን ሾፌር ላደርግህ ነው» አልኩት።

ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «ምን ጋዝ፣ ምን ሲኦቱ ይላሉ! ሰው ገንዘብ ሲበዛበት የሚያወራው ነው። በዚች በኤሌክትሮዴ የማልይዘው ብረት የለም። የእርስዎን በር ማን በየደው?»

«አንተ ነህ። በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም።»

«እሱ የመሬቱ ጥፋት ነው! መሬቱ ሰጥሞ ነው!»

ከዚያ የአሮጌ መኪና በር ቁራጭ ከጓሮ አመጣና አሳይዎታለሁ አለ። ጭንብሉን አድርጎ ገና ጫር ሲያደርገው ላሜራው ተበሳ። ከጎኑ ሞከረ፣ እሱም ተበሳ። ቀዳዳውን ልድፈነው ሲል ቀዳዳው ሰፋ።

«ወንፊት እየሠራህልኝ ነው?» አልኩት።

«ላሜራው በሽተኛ ነው» አለ መጀመሪያ። ቆየት ብሎ ግን ጭንብሉን አወለቀና መሬት መሬቱን እያየ፣ «እትዬ ቡዜ፣ የመኪና ላሜራ ስስ ነው፣ የእኔ ብየዳ ያቃጥለዋል። ፉርቃን አንድ ጊዜ የእኔኑ የባጃጅ ጎን በጋዝ ይዞልኝ ነበር፤ የተበየደበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ነፍሱን ይማረው» አለኝ። ደህና ሰው ነው። ቁራጩን ለማስታወሻ ይዤው መጣሁ፣ አፍናን አይታ ሳቀች።

ስለዚህ መርጫለሁ። በጋዝ ይሁን። ይኸን ያህል ሰዓት ስቀመጥ የገባኝም ነገር አለ። ፉርቃን እንደ ሌላው ልጅ በአዲሱ መሣሪያ መሥራት አቅቶት አይደለም። ከእርስዎ የተማረውን አክብሮ፣ የጌታውን እጅ ላለመተው ብሎ በጋዝ የሠራ መሰለኝ። የኋላዎቹም እንደዚያው ይሁኑለት።

የፊተኞቹን ደግሞ ደህና ናቸው ብለው ብቻ አለፏቸው። እባክዎ ትንሽ ዘርዘር አርገው ይጻፉልኝ። መልካቸው እንዴት ነው? ሁለቱ ይመሳሰላሉ? እንደ እናት ነው የምጠይቅዎ።

እህትዎ ቡዜ

*

ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑዘይር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የላኩልኝን ወረቀት ያነበብኩት በራፍ ላይ ቆሜ ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አፍናን ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ወንድምሽ በጋዝ የበየደው ጌታውን ስላከበረ አይደለም።»

«እሺ ለምንድነው?»

«መብራት ጠፍቶ ነው!»

እሷም ሳቀች። «ፉርቃን ነው እንጂ! ቆሞ መብራት የሚጠብቅ ልጅ ነበር?» አለች። እሱ ከሄደ ወዲህ በዚህ ቤት ሁለታችን አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ቆይተን አልቅሰናል፣ ግን መጀመሪያ ስቀናል። ሌላ ሰው ቢሆን «አዎ፣ እኔን አክብሮ ነው» ብሎ በዝምታ ይወስደው ነበር። እርስዎ ግን እንደነበረ ነገሩኝ። ይኸም አንድ ውለታ ነው።

የኋላዎቹ በጋዝ የማይሆኑበትን ምክንያት ደጋግሜ አነበብኩት። የፊተኛው ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚከልለው የቦዲ ክፍል፣ ብሎኑ ተፈትቶ ለብቻው ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ከውስጥም ከውጭም ይመታል ብለዋል። የኋላው ግን ከቦዲው ጋር አንድ ነው፣ ከጀርባው ሌላ ላሜራ አለ፣ እጅ አይገባም። የጋዝ እሳት ሰፊ ቦታ ያግላል፤ የጋለው ላሜራ ሲበርድ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበውን ደግሞ ከጀርባው ደግፎ ማቃናት አይቻልም። የነዳጁም በርሜል እዚያው አጠገብ ነው።

እኔ በልብስ ስፌት ነው የገባኝ። ስስ ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ከሰፉት ይኮማተራል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ራቅ ራቅ አርጎ መያዝ፣ ከዚያ መሀል መሀሉን መሙላት ነው። እርስዎም ሲኦቱን በነጥብ በነጥብ፣ አንዴ ከዚህ ጫፍ አንዴ ከዚያ፣ እያበረዱ ነው የምሠራው ብለዋል። እንግዲያው አንድ ነገር ነው። ሲኦቱ ይሁን። እሱ በሠራበት ይሁን ያልኩትን ትቼዋለሁ። እሱም ቢሆን ለቦታው የሚሆነውን ነበር የሚመርጥ እንጂ እናቱ ደስ እንዲላት ብሎ የሰው መኪና አያበላሽም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልበል፣ አይቀየሙኝ። ስለ ፊተኞቹ ጠይቄዎ ነበር። ሁለት ገጽ ሲጽፉልኝ ስለ ኋላዎቹ ነው፣ የፊተኞቹን ዘለሏቸው። እርስዎ ዝርዝር የሚያመልጥዎ ሰው አይደሉም። እኔ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፣ የተዘለለ ነገር ይሸተኛል። የሆነውን ይንገሩኝ። ከዚህ የሚከፋ ምን ሊመጣብኝ ነው?

እህትዎ ቡዜ

*

ኮምቦልቻ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቡዜ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የኋላዎቹ አልቀዋል። አላሸማቀቁኝም።

የፊተኛው ግራ እንከን የለውም። ቀኙ ግን ከስፌቱ በታች ሞገድ አለው። እጅ ሲያልፍበት ይታወቃል፣ ፀሐይ ሲመታውም ይታያል።

የፉርቃን ስህተት አይደለም። ጋዝ ሲበርድ ላሜራውን ይሰበስበዋል። ሠራተኛው በመዶሻ መትቶ ይመልሰዋል። ያን ቀን ከሰዓት በይዶ ሲጨርስ ገና ትኩስ ነበር። በር ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረና «ነገ ጠዋት እመታዋለሁ» አለኝ። ከንፈሩን አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ደሴ ወጣ።

ስንት ቀን መዶሻውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እመታዋለሁ ያለው እሱ ነው። እኔ ከመታሁት ያ ነገ አለቀ ማለት ነው። እጄ እምቢ አለኝ። በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቀለም ላስቀባው አስቤ ነበር። ቱርኪያ አታውቅም። እርስዎም ባልጠየቁኝ አያውቁም ነበር። ደህና ናቸው ያልኩዎት ለዚህ ነው።

አሁን አውቀዋል። ልሸፍነው? ወይስ ልምታው? እርስዎ እንዳሉት ነው የማደርግ።

ዑዘይር

*

ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑዘይር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የጻፉልኝን ለማንም አላነበብኩም፣ ለአፍናንም። «ነገ ጠዋት እመታዋለሁ» ያለውን ነገሩኝ። ልጄ ከቤት ሲወጣ ያለኝን አውቃለሁ፣ ከጋራዡ ሲወጣ ያለውን ግን አላውቅም ነበር። እርስዎ ዓይንዎን ከከንፈሩ ባያነሱ ኖሮ ያ ቃል አብሮት ይሄድ ነበር። አላህ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ።

መዶሻው እንዳልነሳልዎ ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ። እኔም የአልጋውን አንሶላ ገና አላነሳሁም። እንተዋወቃለን።

ግን አይሸፍኑት። ሥራው የቱርኪያ ነው። እኔና እርስዎ አልቅሰን በሰው መኪና ላይ ስቱኮ ብንለጥፍ ሐቅ ጨመርንበት እንጂ አላነሳንለትም። ለብቻዎ እንዲመቱትም አልልም። እንዳለ ይቆይልኝ። የመኪናዋ ባለቤት መጥታ በዓይኗ ትየው፣ ከዚያ ይሆናል።

ትናንት ፒያሳ ሱቋ ሄድኩ። ገና ስታየኝ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ፣ ሻይ አዘዘች። ለመኪናው ነው የመጣሁት ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«ቡዜ፣ ኧረ በአላህ! አውፍ ብያለሁ እኮ። ስንቴ ልበልሽ?»

«ምኑን ነው አውፍ ያልሽው?»

«ሁሉንም!»

«ሁሉን መች አየሽው? ደንበኛ መጥቶ ጨርቅሽን ሳያገላብጥ ጠቅልዪልኝ ቢልሽ ምን ትያለሽ?»

«የዋህ ነው እላለሁ። ዋጋውንም ከበድ አደርግበታለሁ።»

«እንግዲህ የዋህ አትሁኚ። ወርደሽ እዪው። ካላማረሽ ተናገሪ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሀዘንተኛ ነሽ ብዬ ዝም ብል... የሙት ሥራ እንዴት ብዬ ነው የማቃልለው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ይተውሽ። ሲሠራልሽ ሙት አልነበረም።»

 ለአንዲት ገበያተኛ ሁለት ክንድ ጨርቅ ቆርጣ ሸኘቻትና ተመልሳ፣ «አንቺም አብረሽኝ ትወርጃለሽ?» አለችኝ። ይኸን አላሰብኩትም ነበር። ትወርጃለሽ ብላ ስትጠይቀኝ ግን፣ ሰው ጎትቼ እኔ ልቀር እንደማልችል ገባኝ። እወርዳለሁ አልኳት።

እሑድ በጣሀ ሚኒባስ እንመጣለን። ይጠብቁን።

እህትዎ ቡዜ

*

ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑዘይር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ደረሰ፣ አላህ በሰላም ያድርሰን።

እሑድ ስለ አስተናገዱን፣ ባለቤትዎም ያንን ሁሉ ምሳ ስለ ሠራችልን እናመሰግናለን። ቱርኪያ እስከ ዛሬ ስለ ምሳው ታወራለች።

እርስዎ ሥራ ላይ አጎንብሰው ስለነበር ከንፈሯን አላዩም። ሻርፗንም አፏ ላይ ጣል እያረገች ነበር የምትናገር። ምን ምን እንዳለች ጠይቀውኛል፣ አንድም ሳላስቀር እነሆ።

መጀመሪያ መኪናዋን ዞረቻት። ከኋላ ቁጢጥ ብላ በአንድ ዓይኗ ጎኑን እያየች «የኋላው ቀጥ ብሏል። የሽማግሌው እጅ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ግራውን የፊተኛ በመዳፏ ዳበሰችና ምንም አላለችም። ቀኙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጨርቅ ላይ ጉድፍ ሲያጋጥማት እንደምታደርገው ተመልሳ ዳበሰችው።

«ይኸ ምንድነው? የቆርቆሮ ጣሪያ አስመሰላችሁብኝ እኮ!» አለች። ወዲያው አፏን ያዘች።

«ቀጥዪ» አልኳት።

«ቡዜ፣ እኔ...»

«ቀጥዪ አልኩሽ።»

«እንዲህ እንዳለ አልረከብም» አለች። ወደ ጋራዡ ጣሪያ እያየች ነው የተናገረችው፤ እኔን ማየት አልቻለችም።

ወላሂ ዑዘይር፣ ደስ አለኝ። ሰው ከለቅሶው ወዲህ ስለ ልጄ የሚነግረኝ መልአክ እንደነበረ ነው። አንድ ሰው እንደ ሠራተኛ አይቶ፣ እንደ ሠራተኛ «አልረከብም» አለው። ያኔ ነው ይምቱት ብዬ በእጄ ምልክት ያሳየሁዎ። ፓራፋንጎውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። የመጀመሪያውን ሲመቱ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ እኩል እኩል እየሆነ ሲመጣ ገለጥኩት።

እርስዎ ሲመቱ እኛ ይኸን እንባባል ነበር።

«ቀስ ይበሉ በያቸው!»

«አይሰሙም።»

«ሳይሰሙ እንዴት ይመታሉ?»

«በእጃቸው ነው የሚሰሙት።»

«ስፌቱ ቢሰነጠቅስ?»

እኔም እርስዎ የጻፉልኝን ሁሉ ሸመደድኩላት። የጋዝ ስፌት ለስላሳ ነው፣ ቆይቶም ቢሆን መዶሻ ይቀበላል፤ የሲኦቱ ቢሆን ኖሮ ደረቅ ነው፣ ቆርጦ መጣል ይመጣ ነበር አልኳት። ልጄ ሥራውን ሳይጨርስ ቢሄድም ሌላ ሰው ሊጨርስለት በሚችል ዓይነት ነው የተወው።

«እንግዲያው መብራት መጥፋቱ በጀን» አለች። ከመሀል ቀና ብለው ሁለታችንም ስንስቅ ያዩን በዚህ ነው። በእርስዎ አልነበረም።

ጨርሰው ዞር ሲሉ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ከጫፍ ጫፍ ሄደችበት። ከዚያ ወደምንሰግድበት ወደ ቂብላ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «ሐቄን አግኝቻለሁ። አሁን አውፍ የምለው ነገር የለኝም» አለች። እርስዎ መዶሻዎን እየጠረጉ ነበር። እኔ ሰምቻለሁ፣ ስለ እርስዎም ሰምቻለሁ።

ቀለሙ ከረመዳን በኋላ ይደርሳል ብላ መኪናዋን እንዳለች ይዛ ወጣች። እኔንም ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሐረጎን ጠዋት ስንወርድ በሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያወቀኝ ይመስል ዝም ብሎ ነበር፤ ጣሀም ቴፑን ዘግቶ ነበር። ስንመለስ ያች መዞሪያ ስትቀርብ ዓይኔን ጭኔ ላይ ተከልኩ። ቱርኪያ ታጽናናኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

እሷ ግን እየተነጫነጨች ነበር። «የእህቴም መኪና ጎማ ሊቀየር ነው» ትላለች። «ለፉርቃን ልሰጠው ነበር። አሁን ማን ነው የሚሠራልኝ? ዑዘይር አርጅተዋል።» ይቅር ይበሉኝ፣ እንዳለችው ነው የምጽፈው። «ሌላው ሁሉ በስቱኮ ደልሎ ነው የሚልክ። ያንን ግራውን አየሽው? መጋጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት እኮ! እንዲህ ያለ እጅ ከየት ነው የማመጣው? ንገሪኝ እስቲ፣ ከየት?» እያለች መሪውን በመዳፏ ትመታለች።

ቀና ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም። ተናዳ ነበር፣ በጣም ተናዳ።

ከእርስዎ በቀር እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ያዘነው ለእኔ ነው። እናቱ ምስኪን፣ እናቱ እንዴት ትችለዋለች ይላሉ፤ ደግ ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ቱርኪያ እዚያች መዞሪያ ላይ ያዘነችው ለራሷ ነው። ሠራተኛዋ ሞቶባታል።  እኔ ሳዳምጣት፣ እሷም ስትነጫነጭ፣ መዞሪያውን አለፍነው።

እህትዎ ቡዜ